የድሮውን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ድምፅ በኮምፒውተር መልሶ መሥራት

[ድምፅ፦ አንድ የዜና አንቀጽ፣ እንደተቀዳ፣ ያለ ለውጥ]

በዘጋቢ ፊልም ወይም በሬዲዮ ድራማ የድሮ ዜና አንባቢ ድምፅ ሲያስፈልግ የተለመደው አሠራር ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በኢኳላይዘር ቆርጦ በላዩ ላይ ጫጫታ መደረብ ነው፤ ውጤቱ ግን ሬዲዮን ሳይሆን ስልክን ይመስላል። የሬዲዮን ድምፅ የተለየ ያደረገው ከስቱዲዮ እስከ አድማጩ ጆሮ ያለፈበት መንገድ በመሆኑ፣ እኛም ያንኑ መንገድ በቅደም ተከተሉ መከተል ይኖርብናል።

ለማሳያ የምንይዘው አጭር ሞገድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረው የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ሥርጭትም፣ በ1982 የተጀመረው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅትም ለረጅም ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ የደረሱት በዚሁ ሞገድ ነበርና።

በመጀመሪያ ንባቡን በኮምፕሬሰር፣ ማለትም ጮክ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ በሚያቀራርብ መሣሪያ፣ አጥብቀን እንጨምቃለን። ጣቢያዎቹም ይህን ያደርጉ የነበሩት ቀስ ተብሎ የተነገረው ቃል በጫጫታ እንዳይዋጥ፣ ጮክ ያለውም ከማሠራጫው አቅም አልፎ እንዳይበላሽ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰማዩ ጉዞ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው እላለሁ። ሞገዱ ከአዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ ከተሞላው የላይኛው ከባቢ አየር) እየተመለሰ ርዝመታቸው በተለያየ መንገዶች ስለሚደርስ፣ አንዳንዴ እርስ በርሱ ይደጋገፋል፣ አንዳንዴም ይጠፋፋል። ይህን ለማግኘት የድምፁን ቅጂ 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል አዘግይተን፣ የመዘግየቱን መጠን በዝግታ እየለዋወጥን ከዋናው ጋር እንቀላቅለዋለን፤ የድምፁን ጉልበትም በየጥቂት ሰከንዱ ከፍ ዝቅ እናደርጋለን።

ጫጫታው የሚጨመረው እዚህ ላይ ነው። በእውነተኛው ሬዲዮ ጫጫታውና ንግግሩ በአንድ አንቴና ገብተው በአንድ ፊልተር ስለሚያልፉ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ከ4.5 ኪሎ ኸርዝ በላይ እንቆርጣቸዋለን። በመጨረሻ የተደረበ ጫጫታ ግን ጥርት ብሎ ስለሚቀር ባዕድነቱ ወዲያው ይታወቃል።

[ድምፅ፦ ያው አንቀጽ፣ ከሁለተኛው ኮምፕሬሰር በኋላ]

አሁን የሰማችሁት ዝግ ብሎ የሚለቅ ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ሲሆን፣ ሬዲዮኑ ደካማ ምልክትን በራሱ የሚያጎላበትን አሠራር ይተካል። የአንባቢው ድምፅ ሲሰምጥ ጫጫታው ከሥሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ድምፁ ሲመለስ ደግሞ ጫጫታው ወደ ኋላ ይሸሻል። የአጭር ሞገድ አድማጭ ለዓመታት የለመደው ይህን እንቅስቃሴ ነው።

የቀረው ድምጽ ማጉያው ነው፤ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቀንሰን፣ በጥቂቱ አሻክረን፣ ሁሉንም ወደ ሞኖ (ግራና ቀኝ ወዳልተለየ አንድ ድምፅ) እንመልሳለን። የ50 ኸርዙን የመብራት እምምታ የምንጨምረው ግን ታሪኩ ኤሌክትሪክ ባለበት ቤት ውስጥ ከሆነ ብቻ ነው፤ በገጠር በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትራንዚስተር ይህ ድምፅ አልነበረውም።