ማንን እንዳዘዝኩ ማንም አላወቀም

እንደምን ዋላችሁ።

እንኳን ደስ አላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሌሊት አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እናንተን ነው። እኔም እንደናንተ አዲስ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ወር ሳይሞላኝ ጉዴ ፈላ።

ድንገተኛ ክፍል ነበርን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ይነሳል ብለን ጠበቅን። ወፍ የለም! የኦክስጅን መሣሪያችን ያለ መብራት አይሠራም፤ አንድ አዛውንት ደግሞ በሱ ነበር የሚተነፍሱት። እኔ ምን አደረግሁ? ጮህኩ። "ሲሊንደር አምጡ! ጄኔሬተር ቤት ደውሉ! ዶክተሩን ጥሩ!" ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ማንን እንዳዘዝኩ ግን ማንም አላወቀም። ሦስቱም ነርሶች ወደ ሲሊንደሩ ሮጡ። አዛውንቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሲሊንደሩ መጣ፤ መክፈቻ ቁልፉ የለም።

የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ የሞባይላቸውን መብራት አብርተው አጠገቤ ቆሙ። "ልጄ፣ በስማቸው ጥሪያቸው። አንድ በአንድ" አሉኝ። ጠራኋቸው። አንዷ አዛውንቱ ጋ ቆመች፣ አንዱ ደወለ፣ አንዷ ቁልፍ ፍለጋ ገባች። ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመቀስ ሥር ተገኘ። አዛውንቱ ተረፉ። የእኔ እጅ ግን እስኪነጋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እሱ እኮ ሲፈጥረው ረጋ ያለ ነው" ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልቀበለውም። ይህን ባልኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ የኢትዮጵያ አየር መንገዱ አብራሪ ካፒቴን ልዑል አባተ ናቸው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበሩ ሦስት ሰዎች አውሮፕላኑን ጠለፉት። ረዳት አብራሪው ዮናስ መኩሪያ ተደብድቦ ከኮክፒት ወጣ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴኑ ነዳጁ እንደማይበቃ ነገሯቸው። አላመኑም። በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ ቦይንግ 767 ስንት ሰዓት መብረር እንደሚችል አንብበዋላ! ታንከሩ ሙሉ ሲሆን መሆኑን ማን ያስረዳቸው?

እስቲ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። በሩ፣ ሬዲዮው፣ ተሳፋሪው፣ ሁሉም በሰው እጅ ነው። የቀረቻቸው መሪዋ ብቻ ናት። ካፒቴኑ ታዲያ በቀጥታ ወደ ውቅያኖሱ አልገቡም፤ የአፍሪካን የባሕር ዳርቻ ይዘው ወደ ደቡብ በረሩ። ጠላፊዎቹ መሬት ሲያዩ ተቆጡ፤ ወደ ምሥራቅ ታጠፍ አሏቸው። ታጠፉ። ያመሩት ግን ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች ነበር። አልተከራከሩም፣ አልፎከሩም። በቀረቻቸው ነገር ሠሩ። ደግሞ ሲጠለፉ ይህ ሦስተኛቸው ነው። መረጋጋት ከልምድ ይመጣል የምለው ለዚህ ነው፤ ልምዱን ግን ለማንም አልመኝም።

ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዮናስ ተመልሶ ከጠላፊዎቹ ጋር ታገለ፣ ካፒቴኑም አውሮፕላኑን የመዝናኛ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው ቅርብ ውኃ ላይ አወረዱት። ቱሪስቱም የአገሩ ሰውም በጀልባ ደረሰ። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ።

125 ሰው ያለቀበትን ነገር ድል ብዬ ላወራላችሁ አልመጣሁም። ከሞቱት ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር። ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው፤ መውጣት አቃታቸው። ማን ይፈርድባቸዋል? ጃኬቱን መንፋት ልክ ነው፤ ትንሽ ቀደሙ እንጂ። በእኛ ሥራም ከስንፍና ይልቅ ይህቺ መቅደም ናት የምታስፈራኝ።

ስለዚህ እኔ አሁን ምን አደርጋለሁ? መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ዝም እላለሁ። ረጅም አይደለም፤ የአንድ ሰው ስም እስኪመጣልኝ። ከዚያ ያንን ሰው ጠርቼ አንድ ነገር ብቻ አዛለሁ። ሆዴ አሁንም ይርበተበታል፣ አልዋሻችሁም። ድምፄ ግን ዝግ ይላል፤ ነርሶቹ የሚሰሙት ደግሞ ድምፄን ነው።

የሲሊንደሩን ቁልፍ በማግስቱ በፋሻ አንገቱ ላይ አሰርኩት። ዛሬም እዚያው ነው። ፋሻው ቶሎ ይቆሽሻል፤ በየሳምንቱ እንቀይረዋለን። እናንተም ዛሬ ማታ ፈረቃ ስትረከቡ የእናንተ ቁልፍ የት እንዳለ ጠይቁ።

አመሰግናለሁ።