ስም የተሰፋበት ጨርቅ

ሳሚ፦ እሺ፣ መቅዳት ጀምሯል። እንደምን ሰነበታችሁ! ሳሚ ነኝ፣ ቤዛም አለች፣ እንደተለመደው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። መብራት አለ።

ቤዛ፦ አትጥራው!

ሳሚ፦ የዛሬውን ርዕስ ያመጣችው ቤዛ ናት። የኤልጂቢቲ ሰዎችን፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን፣ ትራንስጀንደሮችን ማለቴ ነው፣ ታሪክ የሚዘክሩ የጥበብ ዝግጅቶች። ኤግዚቢሽን፣ ቴአትር፣ የታሪክ ወር የሚባል ነገርም አለ አሉ። ሰው ምን ይለን ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቤዛ፦ አንተ ደግሞ። ከዛ በፊት ግን ቅሬታ አለ። ከታች የሚሰማው ድምፅ ምንድነው ብላችሁ የጻፋችሁልን፣ ምድር ቤት ያሉት የልብስ ሰፊው ጋሼ መኪና ነው። ለበዓል ሰሞን ስራ ይበዛባቸዋል። ዝም በሉ ልንላቸው አንችልም።

ሳሚ፦ ሱሪዬም እሳቸው ጋ ነው፣ ከቀየምናቸው አላገኘውም።

ቤዛ፦ እንደውም እሱ መኪና ነው ወደ ርዕሱ የሚያስገባኝ። ስለ ኤድስ መታሰቢያ ብርድ ልብስ ሰምተህ ታውቃለህ? አሜሪካ ነው። በፈረንጅ 1985 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ክሊቭ ጆንስ የሚባል ሰው ሰልፍ ላይ የወጡትን ሰዎች፣ በኤድስ የሞተባችሁን ሰው ስም ካርቶን ላይ ጻፉ አላቸው። ካርቶኖቹን ሰብስበው የመንግስት መስሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፏቸው። ራቅ ብሎ ሲያየው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ብርድ ልብስ መሰለው። በቃ፣ ሀሳቡ የመጣው ከዛ ነው።

ሳሚ፦ ከዛ ሰፉት?

ቤዛ፦ ሰፉት! ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ጨርቅ። ስፋቱ ሦስት ጫማ በስድስት ጫማ። ለምን ይመስልሃል?

ሳሚ፦ አልጋ ነው?

ቤዛ፦ መቃብር። የአንድ ሰው መቃብር ልክ።

ሳሚ፦ ኧረ በማርያም።

ቤዛ፦ የሰፉት ደግሞ ባለሙያዎች አይደሉም። እናት፣ ጓደኛ፣ ፍቅረኛ፣ መርፌ ይዞ የማያውቅ ሁሉ። የሟቹን ጂንስ ቆርጠው ይለጥፉበታል፣ ሸሚዙን፣ አሻንጉሊት ሳይቀር። በ1987 ጥቅምት ላይ ዋሽንግተን መሀል ሜዳው ላይ ሲዘረጉት 1,920 ጨርቅ ነበር። ነጭ የለበሱ ሰዎች ናቸው ከታጠፈበት እየገለጡ የሚዘረጉት፣ ስም ጮክ ተብሎ ይነበባል። አሁን ወደ 50,000 ደርሷል። ሃምሳ ምናምን ቶን ይመዝናል ይላሉ።

ሳሚ፦ ቶን? ጨርቅ?

ቤዛ፦ ጨርቅ! አንዳንዱ ላይ ግን ሙሉ ስም የለም። የመጀመሪያ ስም ብቻ፣ ወይ አንድ ፊደል። ቤተሰብ እንዳይታወቅበት። እዚህ ጋ ስደርስ ነው ያለቀስኩት፣ እውነቴን ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው የሞተው፣ በኛ አቆጣጠር። ልጅ ነኝ ግን አስታውሳለሁ። ለቅሶ ላይ ምን ሆኖ ነው ሲባል፣ «ሳንባው ነው» ይባላል። ሁሉም ያውቃል። ማንም ትንፍሽ አይልም።

ሳሚ፦ እኛ ሰፈርም «በአጭር ህመም» ነበር የሚባለው። ሦስት ዓመት የተኛ ሰው።

ቤዛ፦ እናቴ ሹራቡን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን አድርጋ። ቡናማ ነው። ክርኑ ላይ በሰማያዊ ክር ተጠግኗል፣ ራሱ ነው የጠገነው። ሰው ሲመጣ አታወጣውም። እነዛ ሰዎች ግን ሹራቡን ጨርቁ ላይ ሰፍተው አገር ሙሉ እንዲያየው አደረጉ።

ሳሚ፦ አጎትሽ ግን...

ቤዛ፦ አይ፣ እሱ ባለትዳር ነበር፣ ሌላ ነገር እያልኩ አይደለም። የምልህ መደበቁን ነው። እዛ መጀመሪያ አካባቢ ከሞቱት ብዙዎቹ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ነበሩ። አስከሬን አንቀበልም ያሉ ቀባሪዎች ነበሩ። ቤተሰቡ ራሱ ያልቀበረው አለ። ስለዚህ ጨርቁ ለብዙዎቹ ቀብራቸው ነው።

ሳሚ፦ ገብቶኛል። ግን ልከራከርሽ? ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው። እኛ አገር ጉዳዩ ወንጀል ነው፣ አንቀጽ 629። ሃይማኖትም አለ። አድማጩ ምን አገባን ይላል።

ቤዛ፦ ህጉን አውቀዋለሁ። ፈረንጅ ያልከውን ግን አልቀበልም። ጆሀንስበርግ ፈረንጅ ናት? በ1990 ጥቅምት ላይ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የመጀመሪያውን ሰልፋቸውን ሲያደርጉ አንዳንዱ ሰው ፊቱን በወረቀት ከረጢት ሸፍኖ ነው የወጣው። ሳይመን ንኮሊ አዘጋጆቹ ውስጥ ነበረበት። አፓርታይድን ታግሎ በሀገር ክህደት የተከሰሰ፣ ዓመታት የታሰረ ሰው ነው። እሱም በ1998 በኤድስ ሞተ። እዛው ከተማ ውስጥ የነዚህን ሰዎች ደብዳቤና ፎቶ የሚያስቀምጥ በእንግሊዝኛ ምህፃሩ GALA የሚባል ቤተ መዛግብት አለ።

ሳሚ፦ ከረጢት ለብሶ ሰልፍ... እሺ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ጆሀንስበርግ አዲስ አበባ አይደለችም።

ቤዛ፦ ናት አላልኩም።

ሳሚ፦ ብለሻል ማለት ይቻላል።

ቤዛ፦ አላልኩም! በኤድስ የተደበቀ ሞት እዚህም እዛም አለ ነው ያልኩት።

ሳሚ፦ እሱን ልተውልሽ። ግማሹን።

ቤዛ፦ ግማሹም ይበቃኛል።

ሳሚ፦ የታሪክ ወሩስ? ርዕሳችን እሱ አልነበር እንዴ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው።

ቤዛ፦ ውይ አዎ። ቶሎ ልበለው። አሜሪካ በ1994 ሮድኒ ዊልሰን የሚባል የሚዙሪ የታሪክ መምህር ነው የጀመረው፣ ጥቅምት ላይ። እንግሊዝ ደግሞ የካቲት ነው፣ ከ2005 ጀምሮ። እዛ ከ1988 ጀምሮ የአካባቢ መስተዳድሮች የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን እንዳያስፋፉ የሚከለክል ህግ ነበረ፣ መምህራን ፈርተው ዝም ይሉ ነበር። በ2003 ተሻረ። አሁን በወሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየም፣ የሰፈር አዳራሽ ሳይቀር ያዘጋጃል። ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው የወጣትነታቸውን ያወራሉ፣ ልጆች ይቀዷቸዋል። እኔ ከሁሉም እሷን ነው የምወዳት። ሰው ሳይሞት መጠየቅ።

ሳሚ፦ ሙዚየምም አላቸው?

ቤዛ፦ ለንደን በ2022 ከፍተዋል፣ ኩዊር ብሪትን ይባላል። ሲከፈት መግቢያው በነፃ ነበር።

ሳሚ፦ ቪዛውስ?