የቆመው ጣት

ደህና ናችሁ? የጎረቤት አውራ ዶሮ ዛሬም አብሮን አለ፤ ሲጮህ እንደለመዳችሁት እለፉት።

ባለፈው ክፍል ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ፣ በኋላ እጮኛው ለሆነችው ለፌሊስ ባወር የጻፈላትን ደብዳቤ አንብቤላችሁ አልነበር? ያቺን የኅዳር 1912ቷን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ለምን አልጻፍሽልኝም እያለ ሲነዘንዛት ከርሞ፣ ድንገት በሳምንት አንዴ ብቻ ጻፊልኝ፣ እሑድ ትድረሰኝ፣ የየቀኑን አልችለውም ብሎ የለመናትን። እኔ ደግሞ በአልቃሽ ድምፅ አነበብኩት። ሳቃችሁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ያልነገርኳችሁ፣ ድምፄን ስቀዳ እማዬ ከበስተኋላዬ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው። ሳቄን ስጨርስ ዘወር ብዬ ሳያት ጣቷ ምስሩ ላይ ቆሟል።

«ይህን የጻፈው አንቺ እንድታነቢው ነው?»

«እማዬ፣ ሰውየው ከሞተ እኮ መቶ ዓመት አልፎታል።»

«እንግዲህ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ጠጠር አንስታ ጣለችና ለቀማዋን ቀጠለች።

እስከ ዛሬ የምመላለስበት ያ የጣቷ መቆም ነው። ምናልባት ጠጠሩን አይታ ይሆናል የቆመችው፤ ከእኔ ጋር ላይያያዝ ይችላል። ግን መጀመሪያ ጣቷ ቆመ፣ ከዚያ ተናገረች፣ ጠጠሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አስር ጊዜ አስቤዋለሁ።

ፌሊስንም «ሻጭዋ» እያልኩ አምቻታለሁ። ሴትየዋ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ደብዳቤዎችንና ፖስት ካርዶችን፣ ሌላ ሰው አግብታ፣ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ከጀርመን ወደ ስዊዘርላንድ፣ በ1936 ደግሞ ወደ አሜሪካ ስትሰደድ ይዛቸው ዞራለች። የሸጠቻቸው በ1955 ነው፤ ታማ፣ ገንዘብ ቸግሯት። ደብዳቤዎቹ በ1967 በመጽሐፍ ሲወጡ እሷ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነበር። የእሷ መልሶች ደግሞ ጠፍተዋል። ስለዚህ እኔ ያፌዝኩት ግድግዳ ተደግፌ የሰማሁት የአንድ ወገን ስልክ ላይ ነው። ምን ብላው ይሆን እንደዚያ የተንሰፈሰፈው?

ደግሞ ባይነበቡስ ኖሮ! እንዲህ ስል እናደዳለሁ። ካፍካ እሷን ባገኛት በወሩ ገደማ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ በላከላት በሁለተኛው ቀን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ «ፍርዱ» የሚለውን አጭር ልቦለዱን በአንድ ትንፋሽ ጽፎ ጨረሰ፤ መታሰቢያነቱንም ለእሷ አደረገው። ይህን ሳያውቁ ያንን ታሪክ ማንበብ... አይ፣ ይቻላል። እኔ ራሴ ሳላውቅ ነው ያነበብኩት፤ ደግሞም ወድጄው ነበር። እንግዲያው ደብዳቤው ውስጥ ምን ፍለጋ ገባሁ?

ዶሮው መጣ። እሺ፣ ጩህ።

አባቴ ከአሰብ የጻፈላት ደብዳቤዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ስለ ቆርቆሮ ሳጥኑ ስንት ጊዜ ቀልጃለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ አንዷን ሰርቄ አንብቤያለሁ፤ ይህን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፍቅር ምናምን ብዬ ስጠብቅ፣ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎት ፍራሹን ደጅ አውጥቶ እንደሚተኛ ነበር የጻፈላት። ሰሌኑ ጀርባው ላይ መስመር እንዳወጣበትም። በቃ። መልሼ አጠፍኳት፤ እጥፋቷ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነልኝም።

ሳጥኑ ሁልጊዜ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር። ትናንት አቧራ ልጠርግ ወንበር ላይ ወጥቼ አየሁ፤ የለም። አቧራው ላይ አራት ማዕዘን ቅርጹ ብቻ ቀርቷል። የት አደረግሽው ብዬ ልጠይቃት ወደ ወጥ ቤት ሄድኩና... ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ እኔም ቢላዋ ይዤ አጠገቧ...