«ዳኛው ፈርዶልኝ የለም እንዴ?»

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ፍሎሪዳ ውስጥ በሕክምና ስህተት ተጎዳሁ የሚል ሰው ክስ ከመክፈቱ በፊት ምን ምን እንደሚጠበቅበት ላወራችሁ ነው። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመሃል መቼ እንደሚገባም እነግራችኋለሁ። እኔን የሚያብሰለስለኝ ይሄኛው ነው።

እዚያ ሐኪምን ወይም ሆስፒታልን በቀጥታ ሄዶ መክሰስ አይቻልም። መጀመሪያ አንድ ሐኪም የሕክምና መዝገቡን አይቶ፣ ለመክሰስ በቂ ምክንያት አለ ብሎ በቃለ መሐላ መፈረም አለበት። ከዚያ «ልከስህ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይላካል። ቀጥሎ 90 ቀን መጠበቅ ነው። በዚህ ጊዜ የመድን ድርጅቱ ጉዳዩን ይመረምራል። ወይ ጥያቄውን ውድቅ ያደርጋል፣ ወይ ካሳ ያቀርባል፣ ወይ በግልግል እንጨርስ ይላል።

በአስተርጓሚነት ስሠራ ያገኘኋቸው አንዲት እናት አሉ። ታሪካቸውን የማነሳው ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። ማስታወቂያው መድረሱን የምታሳየውን አረንጓዴ የፖስታ ካርድ መዝሙረ ዳዊታቸው ውስጥ ነበር የሚያስቀምጧት። «ልጄ፣ ማስረጃዬ ይቺ ናት» ይሉኝ ነበር። የሐኪሙን ቃለ መሐላ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳነብላቸው ደግሞ ዝም ብለው ሰሙኝ። ሲያልቅ «እንደገና አንብቢልኝ» አሉ። የደረሰባቸውን ነገር አንድ ሐኪም በፊርማው ሲያረጋግጥላቸው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፈራሚው ማንም ሐኪም መሆን አይችልም። ተከሳሹ ስፔሻሊስት ከሆነ እሱም የዚያው ሙያ ስፔሻሊስት መሆን አለበት። በፈረንጆቹ 2013 ሕጉ እስኪጠብቅ ድረስ ተቀራራቢ ሙያም ይበቃ ነበር። ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር ከመድረሱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታትም በሙያው የሠራ ወይም ያስተማረ መሆን አለበት። ስለዚህ ተከሳሾች «ይህ ሐኪም ብቃት የለውም፣ መዝገቡ ይዘጋልን» የሚል መቃወሚያ ያነሳሉ። የእኚህም እናት ጉዳይ እንደዚያው ሆነ። ዳኛው መቃወሚያውን ውድቅ አደረገው። ተከሳሾቹ ይግባኝ አሉ። እናትየዋም «ዳኛው ፈርዶልኝ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። በ2023 የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት የቀረበው ጉዳይም ይኸው ነበር። አቤት ባዩ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ባለአደራ ቦርድ ነው። ክርክሩ አንድ ሐኪም ስለ ነርስ ፕራክቲሽነር (ተጨማሪ ሥልጠና ወስዳ ራሷ ሕክምና የምትሰጥ ነርስ) ሥራ አስተያየት ለመስጠት ብቃት አለው ወይ የሚል ነበር። ቦርዱ የመጣው ሰርሺዮራሪ በሚባለው ልዩ አቤቱታ ነው። ይህ መንገድ የሚፈቀደው ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ በሚቀርብ ይግባኝ የማይጠገን ጉዳት ሲኖር ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ እዚህ እንዲህ ያለ ጉዳት የለም አለ። በክርክር መጉላላትና ወጪ ብቻውን አይበቃም፤ ስህተት ካለ በመጨረሻው ይግባኝ ይታያል።

በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት በዚያው ጊዜ የይግባኝ ደንቡን አሻሻለ። በባለሙያው ብቃት ላይ የቀረበ መቃወሚያ ውድቅ ሲደረግ ተከሳሹ ወዲያው ይግባኝ ማለት እንዲችል ፈቀደ። በአንዱ ውሳኔ የዘጋውን በር በሌላው ከፈተው።

የሐኪሞቹም ወገን ይገባኛል። ያለ በቂ ምክንያት መከሰስ ስምን ያጎድፋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከክሱ በፊት ያለው ማጣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው፤ እኔም ማጣሪያው ይነሳ አልልም። ነገር ግን ማጣሪያው ማጣሪያ ሆኖ ይቅር፣ ራሱ ሌላ ሙግት አይሁን። ይግባኙ በራሱ የሥር ፍርድ ቤቱን ሥራ አያግድም። ሆኖም ይግባኙ እስኪያልቅ ያለፈቃድ የመጨረሻ ፍርድ መስጠት አይቻልም። የታመመ ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም።

ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ይርጋው ነው። ክሱ ባጠቃላይ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። 90ው ቀን ቆጠራውን ለጊዜው ያቆመዋል እንጂ አይሰርዘውም። ይግባኝ ሰሚው ከብዙ ወራት በኋላ «ሐኪሙ ብቃት አልነበረውም» ቢል፣ ሌላ ሐኪም ፈልጎ እንደገና ለመጀመር ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ግን አልተመረመረም፤ አንድም ምስክር አልተሰማም።

ፍሎሪዳ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ የሕክምና መዝገባችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። ጠበቃም ቶሎ ፈልጉ፤ የዚያው ሙያ ሐኪም አግኝቶ ማስፈረም ጊዜ ይፈጃል። ጠበቃው የሚያማክረው ሐኪም ስፔሻሊቲው ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።