ለመጠይቅ የሚሰጥ ብር፦ የሰሜን ሸዋ አድማጮች ጥያቄና የጥናት ባለሙያ መልስ

አንዲት እናት ከመሐል ሜዳ፦ ስለ ኑሯችን ሊጠይቁ የመጡ ልጆች ሁለት ሰዓት አስቀመጡኝ። ሲጨርሱ ብር ሰጥተው አስፈረሙኝ። ሆዴ አልረጋልኝም። ነገ መልሺ ይሉኝ ይሆን?

መልስ፦ አይሉዎትም፣ እናቴ። ብሩ የጊዜዎ ካሳ ነው። በሁለት ሰዓት ስንት ሥራ ይሠራል! ፊርማው ለሒሳብ ማወራረጃ ነው። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። ገና ከበር ሲገቡ ሊነግሩዎት ይገባ ነበር፤ ስንት እንደሚሰጥ፣ ለምን እንደሚሰጥ፣ አልፈልግም ማለትም እንደሚቻል።

አንድ አባት ከመንዝ፦ ብር ሲሰጡ ጊዜ እርዳታም ይከተላል ብለን በጎቻችንን ቀንሰን ተናገርን። አጠፋን?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥፋቱ ይበልጥ የእኛ የጥናት ሰዎቹ ነው። ሳናስረዳ ብር ካወጣን ሰው እርዳታ ቢመስለው ምን ይገርማል? ቤትዎ የተመረጠው በዕጣ ነው እንጂ ድሃ ወይም ሀብታም ስለሆኑ አይደለም። የሴፍቲኔት ምልመላ ሌላ ነው፤ እሱ በቀበሌ ኮሚቴ በኩል ይሄዳል። መጠይቁ ላይ በግ መቀነስ ሴፍቲኔት አያስገባም። ጉዳቱ ግን አለ። እርስዎ አሥራ አምስቱን በግ አምስት ካሉ፣ ጎረቤትም እንደዚያው ካለ፣ የመንዝ በግ ወረቀት ላይ ያልቃል። ለክትባትና ለመድኃኒት ዕቅድ የሚያወጣው ሰው ደግሞ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ብሩ የሚሰጠው ለጊዜዎ ነው፤ መልስዎ ምንም ይሁን ምን ልኩ አይለወጥም።

አንድ ወጣት ከደብረ ብርሃን፦ ለጎረቤቴ ተከፍሎታል። እኛ ቤት ሌሎች መጥተው በነፃ ጠይቀውን ሄዱ። ለምን?

መልስ፦ ጥናቱ ይለያያል። እንደ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያሉት አገር አቀፍ ጥናቶች በተለምዶ አይከፍሉም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ከተገኙት ቤቶች 98 በመቶ ያህሉ መልስ ሰጥተዋል። የእኛ ሰው እንግዳ በሩ ላይ ሲመጣ ግባ ይላል፤ ቡና ያፈላል። እንዲህ ስለሆነ ግን ጊዜውን በነፃ እንውሰደው ማለት አይደለም። እኔ መከፈሉን እደግፋለሁ፤ ከአካባቢው የቀን ሥራ ሒሳብ ብዙ ሳይርቅ። ከበዛ የተቸገረ ሰው እምቢ ማለት ያቅተዋል። መሃል ላይ ላቋረጠም ሊሰጠው ይገባል።

አንዲት አድማጭ ከደብረ ሲና፦ መረጃ ሰብሳቢው ከብሩ ቆርጦ ቢያስቀርብንስ?

መልስ፦ የብሩ ልክ ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ማንበብ ካስቸገረሽ ልጅሽ ወይም ጎረቤት ያንብብልሽ። ከስምምነት ቅጹ ላይ የኃላፊውን ስልክ ጠይቂና ያዢ፤ ከቆረጠብሽ ያኔውኑ ደውዪ።