ካርድ ከማውጣቷ በፊት፣ ከዋርድ ከወጣች በኋላ፦ በሕክምና ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ ከአዳር ተረኝነት በቀጥታ የመጣችሁ ሬዚደንቶችና ኢንተርኖች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ዘንድሮ ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) የጀመራችሁ የሲ ዋን (የመጀመሪያ ዓመት የክሊኒካል ትምህርት) ተማሪዎች፤ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ዓመቱን ሙሉ ኬዝ (የታካሚ ታሪክ) ስናቀርብና ስንከራከር ከርመናል። ስለ ማኅበሩ ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ስለሚያቀርብ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ደጋግሞ ወደ ውይይታችን በመጣ አንድ ሕመም ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ እሱም ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቮች (በሮች) የሚጎዳው ሪውማቲክ የልብ ሕመም ነው።

ታካሚዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከገጠር የመጣች፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች። ትንሽ ስትራመድ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ሌሊት ትራስ ደራርባ ቁጭ ብላ ታድራለች። እግሯ አብጧል። ስታዳምጧት ዳያስቶሊክ መርመር (ልብ ስትላላ የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅ) አለ፤ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲሠራላት ማይትራል ቫልቯ፣ ማለትም በግራ በኩል ባሉት የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር፣ ጠቧል። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር ለዓመታት ችሎ የቆየው ጠባብ ቫልቭ ከዚህ በላይ ማሳለፍ ያቅተዋል፤ ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ሳንባዋ ውሃ ይቋጥራል። ላሲክስ (ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) ትወስዳለች፣ የልብ ምቷን የሚያረጋጋ መድኃኒት ይጀመርላታል፣ ትሻላለች። እኛም ሞርኒንግ (የጠዋት የሐኪሞች ስብሰባ) ላይ ኬዙን አሳምረን እናቀርባለን።

ነገር ግን ይህች ሴት የታመመችው በዚያ ሳምንት አይደለም። ሕመሙ የጀመራት ምናልባት በስምንት ወይም በአሥር ዓመቷ፣ ጉሮሮዋን አሟት ትኩሳት በያዛት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቦቿ ምን አደረጉ? ጤና ጣቢያ ወሰዷት ወይስ እንጥሏ ወርዷል ተብላ ወደ ቆራጭ ተወሰደች? ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ስንወስድ ይህን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? እንጥል ማስቆረጥ በብዙ አካባቢ ዛሬም አለ። የእናቶቹ ጥፋት ነው ብዬ አላምንም፤ ልጅ ሲያማቸው ቅርብ ያለው እሱ ነበር። እንጥሉ ቢቆረጥ ግን ሕመሙን ያመጣው ጀርም፣ ስትሬፕቶኮከሱ፣ እዚያው ጉሮሮ ላይ ነው። የደም መፍሰስና የቁስል መመረዝ ደግሞ ተጨማሪ ዕዳ ይሆናል።

የሚያንገበግበው መድኃኒቱ ጠፍቶ አለመሆኑ ነው። ጀርሞች አንድ በአንድ መድኃኒት እየተላመዱ በሚያስቸግሩን በዚህ ዘመን፣ ይህ ስትሬፕቶኮከስ ፔኒሲሊን ከተገኘ ጀምሮ እስከ ዛሬ ለፔኒሲሊን እጁን እንደሰጠ ነው። ጉሮሮዋን ካመማት እስከ ዘጠኝ ቀን ባለው ጊዜ እንኳ ሕክምና ብታገኝ የሪውማቲክ ትኩሳቱን፣ ማለትም ሰውነት ለጀርሙ በሚሰጠው ምላሽ መገጣጠሚያንና ልብን የሚያጠቃውን ሕመም፣ መከላከል ይቻል ነበር። ያ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ መገጣጠሚያዎቿ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት እየዞሩ ያብጣሉ፤ ቁርጥማት ነው ይባላል፤ በራሱ ጊዜ ይለቃታል። መገጣጠሚያውን ይተዋል፣ ልቧን ግን አይተውም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በየወረርሽኙ የሚመጣው የጉሮሮ ሕመም ቫልቮቿን ደጋግሞ ይጎዳቸዋል፤ እሷም እስክታረግዝ ድረስ ሳታውቀው ትኖራለች።

ይህ ካርድ ከማውጣቷ በፊት ያለው ታሪክ ነው። ከዋርድ ስትወጣስ? ጀርሙ ተመልሶ እንዳይዛት ቤንዛታይን ፔኒሲሊን (ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ የፔኒሲሊን መርፌ) በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መወጋት አለባት። ቫልቩ ተጎድቶ ከቀረ ደግሞ ቢያንስ ለአሥር ዓመት ወይም አርባ ዓመት እስኪሞላት፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን። እኛ የመውጫ ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ጽፈን እንሸኛታለን። ያን መርፌ የሚወጋት ማን ነው? በአቅራቢያዋ ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ አለው? ቢኖረውስ ባለሙያው ለመውጋት ይደፍራል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከመርፌው በኋላ ታካሚ ወድቆ ሞተ የሚል ወሬ በየጤና ተቋሙ ስላለ ብዙ ባለሙያዎች ቤንዛታይንን ይፈራሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምክር፣ ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕሙማን ላይ የሚደርሰው እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞት ከአለርጂ ይልቅ ከልባቸው መድከም ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል፤ ለእነዚህ ሕሙማን በአፍ የሚወሰደውን መድኃኒት መምረጥ እንደሚገባም መክሯል። መርፌው ለሌሎቹ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ይቀጥላል ማለት ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ኢንተርን ጤና ጣቢያ ሲመደብ የሚያድናቸው ልጆች ይኖራሉ።

መርፌው የሚሠራ ለመሆኑ ማስረጃው ጎረቤታችን ዩጋንዳ ነው። ሕመሙ ገና ምልክት ሳያሳይ በኢኮ ብቻ የተገኘባቸውን ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ 818 ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። በየአራት ሳምንቱ ከተወጉት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው 0.8 በመቶ ሲሆኑ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ናቸው። ይህ የእኛው አህጉር ሐኪሞች የተሳተፉበት፣ በእኛው ዓይነት ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ነው። ዩጋንዳ ከቻለች እኛም እንችላለን፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ ያለው መንገድ ግን ጠባብ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘውና በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል እንዲቋቋም ዶክተር በላይ አበጋዝ ረጅም ዓመታት ደክመዋል። ሕዝቡ ሳንቲም ሳይቀር አዋጥቷል። እዚያ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ዛሬም በሺዎች ይቆጠራሉ። ሰው ሠራሽ (መካኒካል) ቫልቭ የተተከለላትም ብትሆን ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) መዋጥና አይኤንአር (ደሟ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚረጋ የሚያሳይ ምርመራ) መለካት አለባት፤ መለኪያው ደግሞ በየወረዳው የለም።

አንዳንድ አባላት «ይህ የሕዝብ ጤና ሥራ ነው፤ ፈተና ላይ የሚጠየቀው መርመሩ ነው» ብለውኛል። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ የሲ ቱ ፈተና ምን እንደሚመስል ሁላችንም ቀምሰነዋል። ነገር ግን የአገራችን የጤና ትምህርት የተጀመረው ሁለቱን ሳይነጣጥል ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ጤና ባለሙያውን) አንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። ጅማም ቆይቶ ትምህርቱን ኅብረተሰቡ መካከል ተከለው። ዛሬ ቲቲፒ (ተማሪዎች በቡድን ሆነው ኅብረተሰቡ መካከል የሚሠሩበት ሥልጠና) የምንወጣው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው። ቲቲፒ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ዋርድ ስንመለስ ለምን ይረሳል?

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው በመጪው ዓመት የሚቀርብ ማንኛውም ኬዝ ሁለት ነገሮች እንዲጨመሩበት ወስኗል። አንደኛው ታካሚው እዚህ እስኪደርስ የት የት እንደሄደና በየደረሰበት ምን እንደተደረገለት ነው። ሁለተኛው ከወጣ በኋላ መድኃኒቱን ከየት፣ በስንት ብርና በማን እጅ እንደሚያገኝ ነው። አቅራቢው ካላወቀ አስታማሚውን ይጠይቅ፤ ከሐኪሙ ይልቅ የሚያውቁት አስታማሚዎች ናቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልጨምር። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የታካሚ ፎቶዎችና ስም ያለባቸው የራጅ ፊልሞች መቆም አለባቸው። ለትምህርት ነው ማለት አይበቃም። ያቺ ሴት ፈቅዳ ደረቷን ያስዳመጠችን ለእኛ እንጂ ለማናውቀው ሁሉ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ስም፣ ፊት ወይም የካርድ ቁጥር የሚታይበት ኬዝ በዚህ ማኅበር መድረክ ላይ አይቀርብም።

መምህራኖቻችን እንደ ወትሮው አትራሩልን፤ ያልጠየቅነውን ጠይቁን። የዛሬው የመጀመሪያ ኬዝ ከሕጻናት ዋርድ ነው፤ አቅራቢዎቹ ተዘጋጅተዋል። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች የማቅረብ ዕድል የሲ ዋን ተማሪዎች ይሁን፤ ከዚያ በኋላ መድረኩ ለሁሉም ክፍት ነው። ጉባኤው ተከፍቷል፤ አቅራቢዎች ወደ መድረክ ውጡ።