የኛ ወገን ተጫዋች፣ የነሱ ወገን ኩርፍተኛ?

እንደምን ናችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም አራት ኪሎና ፒያሳ ካፌዎች ውስጥ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ ስለሚነሳ የፖለቲካ ክርክር ነው። «የእነ እንትና ደጋፊዎች ፊታቸው አይፈታም፣ የኛዎቹ ግን ሰው ይወዳሉ» ይባላል። ጆሮ ጣል ካደረጋችሁ አጠገባችሁ ያለው ጠረጴዛም ያንኑ ይላል፤ የሚለወጡት ስሞቹ ብቻ ናቸው።

የሰው ጠባይና የፖለቲካ አቋሙ ይያያዙ እንደሆነ ተጠንቷል። አጥኚዎች ባሕርይን በአምስት ዘርፍ ከፍለው ይለካሉ፤ ለኛ ጨዋታ የሚሆኑት ሁለቱ ናቸው፦ ተግባቢነትና ለሰው መመቸት። በሰፊው የሚሠራበት አንዱ መጠይቅ 44 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፣ ተግባቢነትን የሚለኩት 8 ናቸው። መላሹ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ከ8ቱ 3ቱ ግን «ዝምተኛ ነኝ» እንደሚለው ዓይነት ተገልብጠው የተጻፉ ስለሆኑ፣ መልሳቸው ከ6 ተቀንሶ ነው የሚደመረው፤ 5 ያለው 1 ይሆናል ማለት ነው። ቅነሳው ከተረሳ አንገቱን የደፋው ሰውዬ ጨዋታ አዋቂ ሆኖ ይወጣል።

የተማሪ ስህተት ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ትልቅ የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ በሰው ፊት ጥሩ መስሎ የመታየት ፍላጎት ከለዘብተኞች፣ ማለትም ከሊበራሎች፣ ጋር እንደሚሄድ ተጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ማረሚያ ወጣ። የፖለቲካ አቋሙ ቁጥር ተገልብጦ ገብቶ ስለነበር ግንኙነቱ ከወግ አጥባቂዎች ጋር ሆኖ ተገኘ። በመሀል ያሉት አራት ዓመታት ውስጥ ጥናቱን የጠቀሰ ሰው የተገለበጠውን ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር።

ታዲያ ውጤቱ ምን ይላል? አዲስ ነገር መውደድ ወደ ለዘብተኛው፣ ሥርዓትና ጥንቃቄ ወደ ወግ አጥባቂው ያደላል፤ ይሄ በተደጋጋሚ ታይቷል። ተግባቢነት ላይ ግን የሚጨበጥ ነገር የለም፤ ግንኙነቱ ደካማ ነው፣ ከጥናት ጥናትም ይለያያል። ቁርኝቱ፣ ማለትም ሁለቱ ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.1 ነው ብትባሉ ቁጥሩን በራሱ አባዙት፤ 0.01 ይመጣል። በሰዎች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ፖለቲካው ሊያስረዳ የሚችለው ከመቶ አንድ እጅ ነው። በዚህ ተነስቶ ጎረቤትን ኩርፍተኛ ማለት አይቻልም።

ለሰው መመቸት ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ይህንን ጠባይ ለሁለት ከፈለው፦ ርኅራኄና ጨዋነት። ርኅራኄው ወደ ለዘብተኛው፣ ጨዋነቱ ወደ ወግ አጥባቂው አዘነበለ። ሁለቱ በአንድ ቁጥር ሲደመሩ ይጠፋፋሉ፤ ለዚህ ነው የቀደሙት ጥናቶች ብዙ ያላዩት። ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ኖር!» የሚለውና የታመመ ሰው ቤት ሦስት ሌሊት የሚያድረው አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። እኛ ግን ሁለቱንም «ጥሩ ሰው» ብለን እናልፋለን።

ይሄ ሁሉ የተለካው በብዛት አሜሪካና ካናዳ ነው። የነሱን ግራና ቀኝ አምጥቶ እዚህ መለጠፍ አይሆንም፤ የኛ ክርክር ብሔርና አንድነት፣ ማእከልና ክልል ላይ ነው የሚዞረው። የሐሳብ ርቀትም ቢሆን ጠብን አይለካም። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም ከተማሪው እንቅስቃሴ የወጡ፣ ሁለቱም ማርክሲስት ነበሩ። አንዱ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ፣ ሌላው ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ሰጠ። በዚች ልዩነት በ1969 ዓ.ም. የአንድ ዶርም ልጆች ተፈላልገው ተገዳደሉ። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ገብታችሁ ፎቶዎቹን እዩ፤ የልጆች ፊት ነው።

ካፌ ውስጥ ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ተግባቢ ሰው ሰልፍም ይወጣል፣ ስብሰባም ይሄዳል፣ ፖለቲካም ያወራል፤ ይሄ በጥናት የጠነከረ ነው። ስለዚህ ድምፁ የሚሰማው ደጋፊ የወገኑ ናሙና አይደለም። ዝምተኛው ደጋፊ ጥግ ይዞ ስልኩን እየነካካ ነው፤ ማንም አይቆጥረውም። ከራስ ወገን ግን ዝምተኞቹን ጭምር እናውቃቸዋለን፣ ዘመድና ጎረቤት ናቸውና።

እኔ ከአቋሙ ይልቅ መገናኛውን ነው የምጠይቀው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 የተለያዩ ወገኖች ሲገናኙ ጥላቻው የሚረግበው መቼ እንደሆነ አራት ነገር ዘረዘረ፦ እኩልነት፣ የጋራ ዓላማ፣ ተባብሮ መሥራት፣ የሚደግፈው ሕግ ወይም ባለሥልጣን። እስቲ እድርን በዚህ ዓይን እዩት። ወርሃዊ መዋጮው ለባለ ፎቁም ለሊስትሮውም አንድ ነው፤ ቀብር የማይመለከተው የለም፤ ድንኳኑን ሲተክሉ አንዱ ካስማ ሲመታ ሌላው ገመድ ይወጥራል፤ የቀረ በመተዳደሪያ ደንቡ ይቀጣል። ምርጫ 97 ላይ ተኳርፈው የነበሩ ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ንፍሮ የቆረጠሙት በዚህ ነው። የሚበላሸው ሁለት ጊዜ ነው፦ ዳኛው በእድሩ ስም የፖለቲካ አቋም ሲያወጣ፣ እና ሰዉ ሲበታተን። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ጎረቤቱ ወደተለያየ የከተማው ዳር ሄዷል። መዋጮ በቴሌብር ይላካል፤ ካስማ የሚመታው ግን በአካል የመጣው ነው፣ ከዳር ለመምጣት ደግሞ ሁለት ታክሲ ይጠይቃል።